አውሮፓ ለአንድ ሳምንት፦ ከልጆቻችን ጋር ሄደን ከልጆቻችን ጋር ለመመለስ

ኦልድ ካምፓላ ውስጥ አንድ የእኛ ሰው "በትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆቹን ይዘን አውሮፓ ደርሰን እንመጣለን" ብሎ ካወራ፣ ቀድሞ የሚጠየቀው የት እንደሚሄድ አይደለም። "ማንን ልታስቀሩ ነው?" ነው የሚባለው። በሳቅ ይጠየቃል፤ መልሱን ግን ሁሉም ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቃል። ልጆቹ ሕፃናት ቢሆኑ ጥያቄው ባልተነሣ ነበር። የአሥራ አራትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ሲሆኑ ግን ጉዞው ጉዞ ብቻ መሆኑን የሚያምን አይገኝም። ጎረቤት አያምንም፣ ደላላ አያምንም፣ ቪዛ የሚሰጠውም ክፍል አያምንም።

እኛ ቤት ለመጪው ግንቦት ይህንኑ ጉዞ እያቀድን ነው። አራት ሰዎች ነን፤ ሁለት ወላጆች፣ ሁለት አፍላ ልጆች። ሐሳባችንን አስቀድመን እንናገር፦ ሄዶ መመለስ ራሱን የቻለ ዓላማ ነው። ለሌላ ነገር መሸፈኛ ሲሆን ግን ጉዞውም ይበላሻል፣ ልጁም ይበላሻል፣ ከኋላ ለሚመጣው ወገንም በር ይጠብባል።

ልጆቻችን ሉጋንዳና እንግሊዝኛ እየቀላቀሉ ያደጉ ናቸው። አውሮፓን የሚያውቁት በስልክ ነው። ዘመድ ፎቶ የሚልከው መኪናው አጠገብ ቆሞ እንጂ በሌሊት አውቶቡስ ወደ ሥራ ሲሄድ አይደለም። አንድ ሳምንት በአካል ቢያዩት፣ ያ የአክስት ልጅ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ለአንድ ክፍል ምን ያህል ኪራይ እንደሚከፍል ይረዳሉ። ሌላም ነገር ያያሉ፤ በቪዛ የገባ ሰው ፖሊስ አጠገብ ሲያልፍ ልቡ እንደማይመታ። በሊቢያ በኩል ስለ ሄዱ ልጆች በየቀኑ የሚሰማ ጎረምሳ፣ በበር ተገብቶ በበር የሚወጣበት መንገድ መኖሩን በዓይኑ ማየቱ ከብዙ ምክር ይሻለዋል እንላለን።

ልጅን ጥሎ መምጣት የሚመክሩን አሉ። "ከአሥራ ስምንት በታች ነው፣ አይመልሱትም፤ በኋላ እናንተንም ይጠራችኋል" ይላሉ። የማይነግሩን ብዙ ነው። ልጁ ማቆያ ማዕከል ሊገባ እንደሚችል፣ ዕድሜው ሊመረመር እንደሚችል፣ በእናትና በአባት ፋንታ ሞግዚት እንደሚሾምለት፣ ውሳኔ ሲጠብቅ አሥራ ስምንት ሊሞላው እንደሚችል አይነግሩንም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጁ ወላጆቹ የት እንዳሉ እንዲዋሽ ልናሠለጥነው ነው። ሱቃችን ውስጥ ሚዛን እንዳይቀንስ ያስተማርነውን ልጅ! እዚህ ላይ እንዳይደባለቅብን፦ በኦልድ ካምፓላ ብዙ ወገኖቻችን የመጡት ሸሽተው ነው፣ ጥገኝነት የሚያስፈልገው ሰው መጠየቁ መብቱ ነው። የምንናገረው ሱቅም መኖሪያ ፈቃድም ስላለን፣ ተመልሰን ስለምንገባበት ቤት ስላለን ሰዎች ነው።

የቀረ ሰው ዋጋውን ለብቻው አይከፍልም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በኢትዮጵያ ፓስፖርት በሚያመለክቱ ላይ ደንቡን አጥብቋል። ምክንያቱ የኢትዮጵያ መንግሥት ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን መልሶ በመቀበል በኩል በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። በውሳኔው መሠረት ለሌላው 15 ቀን የሆነው የማመልከቻ መመርመሪያ ጊዜ ለእኛ 45 ቀን ሆነ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ቀረ፤ ለታወቀ ደንበኛ ይደረግ የነበረው ሰነድ የመቀነስ አስተያየትም ቀረ። ካምፓላ ሆነን ብናመለክትም ፓስፖርታችን ያው ነው። ይህ ፍርድ ልክ ነው አንልም። በመንግሥታት መካከል ያለ ጭቅጭቅ ለኡጋንዳ ግብር እየከፈለ ለሚኖር ቤተሰብ ቅጣት መሆኑ አግባብ አይደለም። ግን ደንቡ ደንብ ነው፤ ስናቅድ እንደ ጉምሩክ ታሪፍ ቆጥረን ነው የምንነሣው።

ለነጋዴ ትልቁ ወጪ የቪዛው ክፍያ አይደለም። ክፍያው ለአንድ ሰው 90 ዩሮ ነው፤ ግማሽ ዋጋ ከ6 ዓመት ጀምሮ 12 ዓመት ላልሞላቸው ብቻ ስለሆነ ጎረምሶቻችን እንደ አዋቂ ይከፍላሉ። ለአራት ሰው 360 ዩሮ፣ ዩሮውን በ4 ሺህ ሽልንግ ብናሰላው 1 ሚሊዮን 440 ሺህ ሽልንግ፤ የማመልከቻ ተቀባዩ የአገልግሎት ክፍያ ለብቻው ነው፤ ቢከለከሉም ገንዘቡ አይመለስም። ትልቁ ወጪ ግን ፓስፖርቱ ታስሮ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ኡጋንዳዊው ጎረቤታችን በመታወቂያው ቡሲያን ተሻግሮ ናይሮቢ ይደርሳል። እኛ ያለ ፓስፖርት ማላባም አንሻገር፣ በኤሌጉ በኩል ጁባም አንደርስ፣ ዱባይም አናስብ። 45 ቀን ማለት ለአንዳንዶቻችን ሁለት ጭነት ነው። ስለዚህ የማመልከቻውን ወር የምንመርጠው በአውሮፕላን ዋጋ ሳይሆን በገበያው ነው። ታኅሣሥ ላይ፣ ኪኩቦ ውስጥ መቆሚያ በሚጠፋበት ሰሞን፣ ፓስፖርቱን የሚያስረክብ ነጋዴ ኪሳራውን ራሱ ፈርሞ ነው። ፈረንጆቹ ጥር ሲገባ ገበያው ይሞታል፤ በየካቲት የትምህርት ቤት ክፍያ ሁሉንም ያደርቀዋል። ያን ጊዜ ፓስፖርቱ ቢቀመጥ ብዙ አይጎዳንም። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ስለሆነ ለግንቦት ጉዞ በየካቲት ማስገባት ይበቃል።

ከዚያ በፊት ግን ባንኩ አለ። የእኛ ሰው ገንዘብ ያለው ዕቃ ላይ ነው፣ ዱቤ ላይ ነው፣ ሞባይል መኒ ላይ ነው፣ ዕቁብ ላይ ነው። የባንክ መግለጫችን ሲታይ ግን ምጽዋት የምንኖር ያስመስለናል። ከዚያ ዕቁቡ ይወጣና በአንድ ቀን 20 ሚሊዮን ሽልንግ ይገባል፤ በሳምንቱ ቪዛ እንጠይቃለን። መርማሪው ዕቁብ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የሚያየው ለማሳያ የተበደርነው የሚመስል ገንዘብ ነው። መፍትሔው ቀላል ቢሆንም ጊዜ ይፈልጋል፦ ቢያንስ ስድስት ወር ቀደም ብሎ የየዕለቱን ሽያጭ በባንክ ማሳለፍ፣ ዕቁቡም ከወጣ ዳኛውና ጸሐፊው የፈረሙበትን ደብዳቤ ተርጉሞ ማያያዝ። የንግድ ፈቃዱ፣ የግብር ከፋይ ቁጥሩ፣ የግብር ደረሰኙ፣ የሱቅ ኪራይ ውሉ አብረው ይግቡ። በክልከላው ቅጽ ላይ ካሉት ምክንያቶች አንዱ ቪዛው ሳያበቃ ለመውጣት ያለን ሐሳብ ያጠራጥራል የሚል ነው። ይህን ጥርጣሬ የሚመልሰው መሐላ አይደለም፤ የሚጠብቀን ሱቅና ልጆቹን የሚጠብቃቸው ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ቀጣዩ ተርም የሚከፈትበትን ቀን የጻፈበት ደብዳቤ እንደ ወርቅ ይያዝ።

የስማችን ነገር ደግሞ ብቻውን ይወራል። በእኛ ባህል ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፣ ሚስት በባሏ ስም አትጠራም። ስለዚህ እናት ልጆቿን ብቻዋን ይዛ ስትሄድ፣ በፓስፖርቶቹ ላይ ከልጆቿ ጋር የሚያገናኛት አንድም ቃል የለም። ሱቅ የሚጠብቅ ሰው ስለሚያስፈልግ ባልየው የሚቀርባቸው ብዙ ቤቶች አሉ። የእናትና የአባት ስም ያለበት የልደት ምስክር ወረቀትና የሚቀረው ወላጅ ፈቃድ በሕጋዊ መንገድ ተረጋግጦ ካልተያዘ፣ ድንበር ላይ ጎረምሳው ፊት "ይህ ልጅ ያንቺ ነው?" መባል አለ። የትውልድ ቀንም እንዲሁ፦ አንዱ ወረቀት በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ከሆነ፣ ወይም ሰባት ዓመት መቀነስ ሲገባ ስምንት ተቀንሶ ከሆነ፣ አንድ ልጅ ሁለት ዕድሜ ይኖረዋል። አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንት መካከል ላለ ልጅ ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም። ዩጋንዳ የተወለዱት ልጆች ከዚህ ይድናሉ፤ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ተወልደው የመጡት ግን ወረቀታቸው ዛሬውኑ ይታይ።

በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የሚሄድ ቤተሰብ ካለ፣ የሚሄድበት አገር ሰነዱን መቀበሉን ከሁሉ አስቀድሞ ያጣራ። ትኬቱንም በአዲስ አበባ በኩል አይቁረጥ፤ ከኢንቴቤ በኢስታንቡል፣ በዶሃ ወይም በብራሰልስ የሚያልፍ በረራ አለ።

አሁን ወደ ደስ የሚለው እንምጣ። የት? የዘመዶቻችን ዝርዝር ፍራንክፈርት፣ ስቶክሆልም፣ አምስተርዳም፣ ሮም ነው፤ ሁሉም "እኛ ጋ ሳትመጡ!" ይላሉ። በሰባት ቀን አምስት አገር የሚዞር ቤተሰብ የሚያውቀው ጣቢያና ሻንጣ ብቻ ነው። ማመልከቻውም ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ስለሚገባ፣ አንድ አገር ሲሆን ወረቀቱ ንጹሕ ይሆናል። ሎንዶን ደግሞ ከሼንገን ውጭ ነው፤ የእንግሊዝ ኳስ የሚወደው ልጃችን ይህን ሲሰማ ሁለት ቀን አኩርፏል። የእኛ ምርጫ ሮም ነው፣ ሮም ብቻ። ምክንያታችን ፒዛ አይደለም።

ኢትዮጵያዊ ልጅ በሮም ጎዳና ሲሄድ የራሱን ታሪክ ይረግጣል። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ሲወጡ ያለው አደባባይ "የአምስት መቶዎቹ" ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ብዙ ሺህ ሕዝብ በየቀኑ ያልፍበታል፣ ማን እንዳሸነፈ የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው? ከዚያ ወርዶ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ፣ በ2005 በሦስት ተቆርጦ በአውሮፕላን ተመልሶ፣ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ። ሐውልቱ ዛሬ እዚያ የለም፤ እኛ ግን ልጆቹን የምናቆመው እዚያው ቦታ ላይ ነው፤ የተወሰደ ነገር ዘግይቶም ቢሆን እንደሚመለስ እንዲያዩ። ሐውልቱ ገና ቆሞ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 ማታ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በዚያ አልፏል፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። ከሐውልቱ ቦታ እስከ ቅስቱ በእግር አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ለመሄድ ተወራርደዋል፤ ፖሊስ ካልከለከለ እኛ አንከለክልም። ከጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ደግሞ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እንደልብ የሚገባበት ባይሆንም፣ አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ49 ያሳተሙት እዚያው ሮም ሆነው እንደነበር መንገር ይቻላል። ለኳስ ወዳዱም መልስ አለን፦ የ1960ው ኦሎምፒክ የተከፈተበት ስታዲዮ ኦሊምፒኮ ዛሬ ሮማና ላዚዮ የሚጫወቱበት ሜዳ ነው።

ኪስም ይስማማል። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የየትም አገር ዜጋ ቢሆን ኮሎሲየምን ጨምሮ በመንግሥት ሙዚየሞች መግቢያ አይከፍልም፤ ቦታ ማስያዝ ግን ያስፈልጋል። በየመንገዱ ቀኑን ሙሉ የሚፈስ ነፃ የመጠጥ ውኃ አለ፣ ጠርሙስ መያዝ ነው።

ጊዜው ለምን ግንቦት? ነሐሴ ላይ ሮም ሙቀቱም ዋጋውም አይቻልም። በግንቦት የኡጋንዳ ትምህርት ቤቶች ሦስት ሳምንት ገደማ ይዘጋሉ። ሌላ ቤት የማይቆጥረው እኛ የምንቆጥረው ምክንያትም አለ፦ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ዕቃ ቤት በሌለው ማረፊያ ለጎረምሳ የጾም ምግብ ማፈላለግ የሞከረ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያቀል ያውቃል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ቢሆኑ በተርሚኒ አካባቢ ሐላል ምግብ አያጡም።

ብዙ ወላጅ የሚዘነጋው ልጆቹን ነው። እንደ ሻንጣ ይጫናሉ፣ ከዚያ "ስልካችሁን አስቀምጡና እዩ!" ይባላሉ። እኛ መዝገቡን ሰጠናቸው። ትልቋ የማረፊያውንና የመድኅኑን ፋይል ይዛለች፤ ቪዛው ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድኅን እንደሚጠይቅ፣ ቪዛ ሳይወጣም ትኬት መያዝ እንጂ መክፈል እንደማይገባ ለእኛ ያስረዳችን እሷ ናት። ትንሹ መጓጓዣውን ያሰላል። ከፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ እስከ ተርሚኒ ፈጣኑ ባቡር ለሰው 14 ዩሮ፣ ለአራት 56፤ ወደ መሐል ከተማ ቁርጥ ዋጋ ያለው ታክሲ 55፣ ያውም እስከ በር። ይህን ሲያገኝ ያሳየው ደስታ በክፍል አንደኛ ሲወጣ አላየንበትም። አንድ ሙሉ ቀን የእነሱ ነው፤ 100 ዩሮ ይሰጣቸዋል፣ ወላጅ ተከታይ ነው፣ የተረፈው የራሳቸው ነው። ጠዋትም ይተኛሉ። እኛ ኦዊኖ ለመድረስ በአሥራ አንድ ሰዓት መነሣት ስለለመድን ልጅን በዕረፍቱ በዚያ ሰዓት መቀስቀስ ጉብዝና አይደለም።

ከሻንጣው ጋር ያለን ፍቅር ግን ይቀንስ። ሽሮና በርበሬ ዱቄት ይሁን፤ ቅቤ፣ ቋንጣና አይብ ግን ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ይዞ እንዳይገባ ተከልክሏል። የእናታችንን ንጥር ቅቤ ጉምሩክ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መሄድን ማንም አይፈልግ። ጥሬ ገንዘብም እንዲሁ፦ 10 ሺህ ዩሮ ከሞላ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ "እግረ መንገዴን ዕቃ ልይ" ብሎ ዶላር በመቀነት የሚይዝ ነጋዴ የቤተሰቡን ጉዞ የንግድ ጉዞ ያስመስላል። ሁለቱ አይቀላቀሉ። ዘመድም ሮም ድረስ ይምጣልን፤ እነሱ ድንበር ለመሻገር ቪዛ አያስፈልጋቸውም፤ ከአውሮፓ ከተሞች በርካሽ አውሮፕላን ይደርሳሉ። ለሚያኮርፈው አክስት ስልክ ደውለን አስቀድመን ነግረናል። አኩርፋለች።

በመመለሻው አዲስ አበባ ላይ ሦስት ቀን እናድራለን፣ ለአያታቸው። ትኬቱ ያው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስለሆነ መንገድ አንስትም።

የቀረው ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ያለበት ጥያቄ፣ ብዙ ቤት የማይነሣው፣ ይህ ነው፦ ሦስቱ ተፈቅዶላቸው አንዱ ቢከለከልስ? ማመልከቻው በየሰው ነው የሚታየው፤ ወላጆችና ታናሽ ተፈቅዶላቸው የአሥራ ሰባት ዓመቷ ልትከለከል ትችላለች፣ ጥርጣሬው በእሷ ዕድሜ ላይ ነውና። ያን ቀን በለቅሶና በቁጣ መወሰን አይቻልም። እኛ አስቀድመን ተቀምጠን ተመካከርን። ይግባኝ የማለት መብት አለ፣ ምክንያቱም በጽሑፍ ይሰጣል፤ የጎደለ ወረቀት ከሆነ ተሟልቶ በሌላ ዕረፍት ይሞከራል። ግን አንዷን ለጎረቤት ትተን ሦስታችን አንሄድም። የማረፊያውና የትኬቱ ገንዘብ ወደ አዲስ አበባና ወደ ባሕር ዳር ይዞራል። ልጆቹ ሁለቱም በዚህ ተስማምተዋል። ትንሹ ብቻ፣ ሮም ካልሆነ ስታዲዮ ኦሊምፒኮን በምን እንደምንተካለት ጠይቆናል፤ እስካሁን መልስ አላገኘንለትም።